የሞባይል ስልክ፣ የማማና የሌሎች ገመድ አልባ መሣሪያዎች ሞገድ ከጤና አንጻር፦ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለሰሜን ተራሮች ግርጌ ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

በደባርቅና በዳባት ከተሞች፣ እንዲሁም ከሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች የሞባይል ስልክ የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ሆኗል። አርሶ አደሩ የገበያ ዋጋ የሚጠይቀው፣ ቤተሰብ ርቆ ከሄደ ልጁ ጋር የሚገናኘው፣ ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ የምትጠራው በዚሁ ስልክ ነው። የተጠቃሚው ቁጥር በጨመረ መጠን ግን ጥያቄውም አብሮ ጨምሯል። በትምህርት ቤት ወይም በመኖሪያ አጠገብ የሚተከል ማማ ካንሰር ያመጣል ወይ? ስልክን ትራስ ሥር አድርጎ መተኛት ይጎዳል ወይ? ነፍሰ ጡር ሴት ከስልክ መራቅ አለባት ወይ? ሕፃናትስ?

ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች እስከ ዛሬ በተደረጉ ምርምሮች ላይ የተመሠረተ መልስ ይሰጣል፤ ነዋሪው ሊወስዳቸው የሚችላቸውን ጥንቃቄዎችና አቤቱታ የሚቀርብበትን መንገድም ያመለክታል።

አጭር መልስ

• ከሞባይል ስልክ፣ ከማማና ከዋይፋይ የሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ፣ ከዓለም አቀፉ ገደብ በታች እስከሆነ ድረስ፣ በጤና ላይ የተረጋገጠ ጉዳት አላስከተለም።
• አንድ ሰው ከሚያገኘው ሞገድ አብዛኛው የሚመጣው ከሩቁ ማማ ሳይሆን ከጆሮው ጋር ከተጠጋው ስልክ ነው።
• ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሥፍራ ስልኩ ራሱ በከፍተኛ ኃይል ይሠራል። ስለዚህ ማማ ሲቀርብ ከስልክ የሚመጣው ተጋላጭነት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።
• መጠንቀቅ ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ መንገድ ስልኩን ከራስ ማራቅና ንግግርን ማሳጠር ነው።
• ማንኛውም ሰው ሕመሙን በስልክ ወይም በማማ አሳብቦ ሕክምና ማዘግየት የለበትም።

«ጨረር» የሚለው ቃል የሚፈጥረው መደናገር

በአማርኛ የፀሐይ ብርሃንን፣ በሆስፒታል የሚነሣውን ራጅ፣ ለካንሰር ሕክምና የሚሰጠውን ኃይልና የሬዲዮ ሞገድን ሁሉ «ጨረር» እያልን እንጠራለን። ስያሜው አንድ ይሁን እንጂ የሚያስከትሉት ውጤት አንድ አይደለም።

ራጅና ከራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የሚወጣው ጨረር ከፍተኛ ጉልበት ስላለው በሰውነት ሴል ውስጥ የሚገኘውን የዘር ውርስ መልእክት በቀጥታ ሊሰብር ይችላል። የካንሰር ሥጋት የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። የራጅ ክፍል ግድግዳ በእርሳስ የሚሸፈነውና በአገራችን የጨረራ አመንጪዎችን አጠቃቀም የሚገዛ ልዩ ሕግ የወጣው ይህን አደጋ ለመከላከል ነው።

የሞባይል ስልክ፣ የኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ የቴሌቪዥን፣ የብሉቱዝና የዋይፋይ ሞገዶች ከዚህ የተለዩ ናቸው። የእያንዳንዷ የሞገድ ቅንጣት ጉልበት በዓይናችን ከምናየው ተራ ብርሃን እንኳ በመቶ ሺህዎች እጥፍ ያነሰ በመሆኑ፣ የዘር ውርስ መልእክቱን ለመስበር አቅም የለውም። በሳይንስ በሚገባ የተረጋገጠው የዚህ ሞገድ ውጤት ሙቀት ነው፤ ኃይሉ እጅግ ከፍ ሲል የሰውነትን ሕብረ ሕዋስ ሊያሞቅ ይችላል። የጥንቃቄ ገደቦች የተቀመጡትም ይህ ሙቀት ጉዳት ከሚያደርስበት ደረጃ እጅግ ዝቅ ብሎ ነው።

በረጅም ንግግር ጊዜ ጆሮ አካባቢ የሚሰማው ሙቀት በአብዛኛው የሚመጣው ከባትሪውና ከስልኩ የውስጥ ክፍሎች መሞቅ፣ እንዲሁም ስልኩ ቆዳን ሸፍኖ አየር ከመከልከሉ ነው።

የተጋላጭነት መጠን በምን ይወሰናል?

ሁለት ነገሮች ይወስኑታል፤ እነርሱም የመሣሪያው ኃይልና ርቀት ናቸው። ከሁለቱ ይበልጥ ወሳኙ ርቀት ነው። ከአንቴና ያለን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰን ሞገድ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ ዝቅ ይላል። በምሽት ከኩራዝ እየራቅን ስንሄድ ብርሃኑ የሚደክመው በዚሁ ሕግ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። በአንድ ማማ ላይ ያለ አንቴና 20 ዋት ኃይል ተቀብሎ፣ ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ በማሰባሰብ 50 ጊዜ ያጠናክረዋል እንበል። ከዚህ አንቴና ፊት ለፊት በ100 ሜትር ርቀት ላይ በሚገኝ ቤት የሚደርሰው ሞገድ በአንድ ካሬ ሜትር 0.008 ዋት ያህል ይሆናል። በ900 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ አንቴና ለሕዝብ የተፈቀደው ዓለም አቀፍ ገደብ በካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው። በዚህ ስሌት መሠረት ቤቱ የሚያገኘው ከገደቡ ከ500 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ልኬቶችን ሲያጠቃልል፣ ከማማዎች ወደ ሕዝብ የሚደርሰው ሞገድ ከገደቡ ከ0.002 በመቶ እስከ 2 በመቶ ብቻ ሆኖ እንደተገኘ ገልጿል።

የማማ አንቴና ሞገዱን የሚልከው እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊትና በጥቂቱ ወደ ታች አዘንብሎ ነው። በዚህ ምክንያት ከማማው ሥር በቀጥታ ያለው ሥፍራ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሞገድ ብቻ ይደርሰዋል። ተራራማ በሆነው አካባቢያችን አንዳንድ ቤቶች በገደል አፋፍ ወይም በኮረብታ ላይ ስለሚሠሩ ከአንቴናው ጋር ትይዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህም ሁኔታ ቢሆን ቤቱ ከአንቴናው በአሥሮች ሜትሮች የራቀ እስከሆነ ድረስ፣ የሚደርሰው ሞገድ ከገደቡ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ሰው ሊቆምበት የማይገባው ከአንቴናው ፊት ለፊት በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ያለው ቦታ ነው፤ ይህም የሚገኘው ማማው አናት ላይ ስለሆነ፣ ለጥገና ከሚወጡ የሠለጠኑ ሠራተኞች በስተቀር ማንም አይደርስበትም።

ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሥፍራ ምን ይከሰታል?

ይህ ነጥብ በተለይ ከከተማ ርቀው ለሚኖሩ ነዋሪዎች ጠቃሚ ነው።

የሞባይል ስልክ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ኃይል አይሠራም። ማማው ቅርብ ሲሆንና በመካከል የሚጋርድ ነገር በማይኖርበት ጊዜ ስልኩ በሹክሹክታ እንደሚነጋገር ሰው ኃይሉን ይቀንሳል። ማማው ሲርቅ፣ ወይም ገደልና ተራራ ሲጋርደው፣ ድምፁ እንዲሰማለት እንደሚጮህ ሰው ኃይሉን ከፍ ያደርጋል። በሁለተኛው ትውልድ ወይም በተለምዶ «2ጂ» በሚባለው ኔትወርክ ስልኩ በ900 ሜጋኸርዝ ሲሠራ እስከ 2 ዋት ድረስ ሊልክ ይችላል፤ የሚልከው ግን ከጊዜው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ስለሆነ አማካዩ 0.25 ዋት ይሆናል። ኔትወርኩ ጥሩ ሲሆን ይኸው ስልክ ኃይሉን በመቶዎች እጥፍ ይቀንሳል። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚሠሩ ስልኮች ከፍተኛ ኃይል 0.2 ዋት ያህል ነው።

ከልማሊሞ ቁልቁለት በታች ወይም በሸለቆ ውስጥ ባለ መንደር ባትሪ ቶሎ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ስልኩ ኔትወርክ ለመያዝ ይታገላል። ስለዚህ ማማ እንዳይተከል በመከልከል የማኅበረሰቡን ተጋላጭነት መቀነስ አይቻልም። ማማው ሲርቅ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በጆሮው አጠገብ የሚይዘው ስልክ ኃይሉን ይጨምራል፤ በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ደግሞ ጥሪው ጨርሶ ላይሳካ ይችላል።

በእነዚህ ሥፍራዎች የሚኖሩ ዜጎች የሚከተሉትን ማድረግ ይችላሉ፦

• ኔትወርክ ወደሚገኝበት ከፍ ያለና ግልጽ ቦታ ወጥቶ መደወል፤
• ጥሪው እስኪያያዝ ድረስ ስልኩን ከጆሮ አርቆ መያዝ፤
• በስፒከር ወይም በኤርፎን መነጋገር፤ ስልኩ ከራስ 30 ሳንቲ ሜትር እንኳ ሲርቅ ጭንቅላት የሚያገኘው ሞገድ እጅግ ይቀንሳል፤
• አጭር ጉዳይ ከሆነ በጽሑፍ መልእክት መላክ።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

የዓለም የጤና ድርጅት አካል የሆነው የካንሰር ምርምር ዓለም አቀፍ ኤጀንሲ በግንቦት ወር 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ 2ቢ ውስጥ አስቀምጦታል። ብዙ ሰዎችን ያስደነገጠው ይህ ውሳኔ ስለሆነ ትርጉሙን በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። ኤጀንሲው የሚመድበው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። ምድብ 2ቢ ማለት ማስረጃው ውስን ነው፤ ጥርጣሬውን ለማስወገድም ለማረጋገጥም አልበቃም ማለት ነው። በዚሁ ምድብ ከሙሉው የእሬት ቅጠል የሚጨመቅ ፈሳሽም ይገኛል። በአንጻሩ በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨትና የኩበት ጭስ ከዚህ ከፍ ባለው ምድብ 2ኤ ውስጥ ነው፤ ትምባሆ፣ የአልኮል መጠጥና የፀሐይ ጨረር ደግሞ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠው ምድብ 1 ውስጥ ይገኛሉ።

ለዚያ ውሳኔ መነሻ ከሆኑት አንዱ በ13 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው «ኢንተርፎን» የተባለው ጥናት ነው። ጥናቱ በአጠቃላይ በሞባይል ተጠቃሚዎች ላይ የአንጎል ዕጢ ጭማሪ አላገኘም። እጅግ ረጅም ሰዓት በተናገሩት ጥቂቶች ላይ ጭማሪ የሚመስል ውጤት ቢታይም፣ ሕሙማኑ ከዓመታት በፊት ስንት ሰዓት እንደተናገሩ በትዝታ የተጠየቁ በመሆናቸው አጥኚዎቹ ራሳቸው ውጤቱን እንደ ማረጋገጫ ሊቀበሉት አልቻሉም።

ከዚያ በኋላ በትዝታ ላይ ያልተመሠረቱ፣ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ወጥተዋል። በብሪታንያ ወደ 776,000 የሚጠጉ ሴቶችን ለ14 ዓመታት ያህል የተከታተለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም፣ በሞባይል ተጠቃሚዎችና በማይጠቀሙት መካከል የአንጎል ዕጢ ልዩነት አላገኘም። በአምስት የአውሮፓ አገሮች ከ264,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለውና «ኮስሞስ» የተባለው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2024 ተመሳሳይ ውጤት አቅርቧል። በዚያው ዓመት በዓለም የጤና ድርጅት ጠያቂነት እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2022 የታተሙ 63 ጥናቶች በአንድነት ተገምግመው፣ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ስልክ የተጠቀሙትን ጨምሮ፣ በሞባይል ስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አልተገኘም።

በእንስሳት ላይ ከተደረጉት ምርምሮች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነው። በጥናቱ አንዳንድ ወንድ አይጦች በልባቸው ላይ ዕጢ ወጥቶባቸዋል። ሆኖም አይጦቹ መላ አካላቸው በቀን ለዘጠኝ ሰዓት ያህል እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ለሞገዱ የተጋለጠ ሲሆን፣ መጠኑም ለሕዝብ ከተፈቀደው የመላ አካል ገደብ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሞገዱን ያገኙት ወንድ አይጦች ካላገኙት ይልቅ ረጅም ዕድሜ መኖራቸውም ውጤቱን በቀጥታ ወደ ሰው ለማዛወር አስቸጋሪ አድርጎታል።

ገደቡ እንዴት ተቀመጠ?

አዮናይዝ ከማያደርግ ጨረራ መከላከያ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1998 አውጥቶ በ2020 አሻሽሎታል። የገደቡ አወጣጥ ቀላል አመክንዮ አለው። መላ ሰውነት በአንድ ኪሎ ግራም 4 ዋት ያህል ሞገድ ሲቀበል የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል። ኮሚሽኑ ይህን መጠን በ50 አካፍሎ ለሕዝብ የተፈቀደውን ገደብ 0.08 ዋት በኪሎ ግራም አድርጎታል። ለጭንቅላት ብቻ ሲሆን ገደቡ በኪሎ ግራም 2 ዋት ነው። ገደቡ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና ሕሙማንን ጭምር ታሳቢ ያደረገ ነው።

በበርካታ ዘመናዊ ስልኮች *#07# ሲጻፍ ስልኩ በዚህ መለኪያ ያለው መጠን ይታያል። የሚታየው ቁጥር ስልኩ በከፍተኛ ኃይል ሲሠራ የተለካ ስለሆነ፣ በተለመደው አጠቃቀም የሚገኘው ከዚያ ያነሰ ነው።

ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የልብ ምት መሣሪያ ያላቸው ሰዎች

ሕፃናትና ወጣቶች፦ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 24 ዓመት የሆኑ ወጣቶችን በ14 አገሮች ያጠናውና «ሞቢ ኪድስ» የተባለው ምርምር በስልክ አጠቃቀምና በአንጎል ዕጢ መካከል ግንኙነት አላገኘም። ይሁን እንጂ የዛሬ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ይልቅ ረጅም ዘመን ስልክ ስለሚጠቀሙ፣ ንግግርን ማሳጠርና በስፒከር መጠቀም ምንም ወጪ የማያስከትል ጥንቃቄ ነው። ለሕፃናት ይበልጥ የታወቀው ጉዳት ሌሊት በስልክ ምክንያት እንቅልፍ ማጣት፣ ከጨዋታና ከጥናት መራቅ ነው።

ነፍሰ ጡሮች፦ ነፍሰ ጡር ሴት ከስልክ እንድትርቅ የሚያስገድድ የተረጋገጠ ምክንያት የለም። በተቃራኒው ስልኳን ሁልጊዜ ባትሪ ሞልታ ማኖር፣ የወረዳውን አምቡላንስ፣ የጤና ጣቢያውንና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ቁጥር መዝግባ መያዝ ይመከራል።

የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለላቸው፦ ስልኩን ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ማራቅ፣ በደረት ኪስ አለመያዝና መሣሪያው ካለበት ወገን በተቃራኒው ጆሮ መነጋገር ያስፈልጋቸዋል።

ራስ ምታት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት

አንዳንድ ሰዎች ማማ ከተተከለ ወይም ስልክ ከተጠቀሙ በኋላ ራስ ምታት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት እንደሚሰማቸው ይናገራሉ። ሕመማቸው እውነተኛ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ሆኖም ተሳታፊዎቹ አንቴናው መቼ እንደበራና መቼ እንደጠፋ ሳይነገራቸው በተደረጉ ሙከራዎች፣ ሰዎቹ ሞገድ መኖሩንና አለመኖሩን መለየት አልቻሉም፤ ምልክቶቹም ከሞገዱ ጋር አብረው አልመጡም።

ይህ ግኝት በተግባር ትልቅ ትርጉም አለው። የማያቋርጥ ራስ ምታት የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የዓይን ድካም፣ የጭስ ወይም የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። «የማማው ነው» ብሎ በቤት የተቀመጠ ሰው ሊታከም የሚችል በሽታ እያለው ጊዜ ያባክናል። ራስ ምታቱ ድንገተኛና ከባድ ከሆነ፣ ወይም ከማስታወክ፣ ከዕይታ መቀነስ፣ ከሰውነት መዛል ወይም ከሚጥል በሽታ ጋር ከመጣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ የግድ ነው።

ስልክ ትራስ ሥር አድርጎ መተኛት የሚያስከትለው ዋና ችግር የእንቅልፍ መቋረጥ ነው። ስልኩ በቻርጀር ላይ እያለ ከሆነ ደግሞ የእሳት አደጋም አለ።

አምስተኛው ትውልድ (5ጂ) እና የኮሮና ወረርሽኝ

«ኮሮናን ያመጣው 5ጂ ነው» የሚለው ወሬ በብዙ አገሮች ተሰራጭቷል፤ በአንዳንድ አገሮችም ማማዎች እንዲቃጠሉ ምክንያት ሆኗል። ቫይረስ በሬዲዮ ሞገድ አይጓዝም። የአገራችን የቀን ቅደም ተከተልም ወሬውን ውድቅ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተመዘገበው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢትዮ ቴሌኮም የ5ጂ አገልግሎትን በአዲስ አበባ በሙከራ ደረጃ የጀመረው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ነው።

ከሞገዱ ይልቅ ትኩረት የሚሹ የታወቁ አደጋዎች

ከሞባይል አጠቃቀምና ከአካባቢው ኑሮ ጋር በተያያዘ ጉዳታቸው የተረጋገጠ ነገሮች አሉ። ለጤና የሚደረገው ጥንቃቄ ከእነዚህ ቢጀምር ይበልጥ ይጠቅማል።

የቻርጀርና የባትሪ አደጋ፦ የተላጠ ገመድ፣ ደረጃውን ያልጠበቀ ቻርጀርና ያበጠ ባትሪ የኤሌክትሪክ ንዝረትና እሳት ያስከትላሉ። ያበጠ ባትሪ መበሳት፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም ወደ ምድጃ መጣል ክልክል ነው። ስልክ ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ሣር፣ ልብስ ወይም ፍራሽ ላይ መቀመጥ የለበትም።

መብረቅ፦ በክረምት ወራት ከፍተኛ ቦታዎች ለመብረቅ የተጋለጡ ናቸው። በኪስ ያለ ወይም በእጅ የተያዘ ስልክ መብረቅ አይጠራም። አደገኛው በግድግዳ ሶኬት ወይም ከጣሪያ ላይ ካለ ሶላር በሚወርድ ሽቦ ላይ የተሰካ ስልክን ይዞ መነጋገር ነው። ነጎድጓድ ሲጀምር መሣሪያዎችን መንቀል፣ ከዛፍ ሥርና ከኮረብታ አናት መራቅ ያስፈልጋል።

በማሽከርከር ላይ እያሉ መደወል፦ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እያሽከረከረ ስልክ የሚጠቀም ሰው ለግጭት የመጋለጥ ዕድሉ አራት እጥፍ ያህል ይጨምራል። እንደ ልማሊሞ ባለ ጠመዝማዛና ገደላማ መንገድ ላይ የአንድ አፍታ መዘናጋት የብዙ ሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

የቤት ውስጥ ጭስ፦ በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና መሰል ነዳጅ ምክንያት በሚፈጠር የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ የዓለም የጤና ድርጅት ይገምታል። ማብሰያውን ከመኝታ መለየት፣ የጭስ መውጫ ማበጀት፣ የደረቀ እንጨት መጠቀምና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መያዝ ሳንባን፣ ዓይንንና የሕፃናትን ጤና ይጠብቃል።

የፀሐይ ጨረር፦ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር የፀሐይ አልትራ ቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የደባርቅና የዳባት አካባቢ ደጋ ስለሆነ ይህ ጨረር ከቆላው ይልቅ ጠንካራ ነው። ባርኔጣ፣ ጥላና እጅጌው ረጅም ልብስ መጠቀም፣ በተለይ ለሕፃናትና ለአልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖች፣ አስፈላጊ ነው።

በአካባቢዎ ማማ ሊተከል ሲታሰብ

ነዋሪው መረጃ የመጠየቅና ሥጋቱን የማቅረብ መብት አለው። ከሞገዱ ባሻገር ማማዎች ሌሎች ተጨባጭ ጉዳዮች ያስከትላሉ፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚከተሉትን መጠየቅ ይጠቅማል፦

1. ቦታው ታጥሮ ይጠበቃል ወይ? እረኛ ሕፃናት እንዳይወጡበት ምን ጥንቃቄ ተደርጓል?
2. ጀነሬተር ካለው ጭሱና ድምፁ ወደ መኖሪያ ወይም ወደ ትምህርት ቤት እንዳይደርስ ምን ታስቧል? የነዳጁ ማከማቻ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ ነው ወይ?
3. የመብረቅ መከላከያና ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ በትክክል ተሠርቷል ወይ?
4. ማማው ቢወድቅ በዙሪያው ያለ ቤት ይነካል ወይ?
5. የአንቴናዎቹ ሞገድ በዓለም አቀፉ ገደብ ውስጥ መሆኑን የሚያሳይ ልኬት ወይም ስሌት ሊቀርብ ይችላል ወይ?

ቦታው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ወይም አዋሳኝ ከሆነ፣ ደባርቅ የሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም ሊጠየቅ ይገባል።

ጥያቄና አቤቱታ የሚቀርብበት ቅደም ተከተል

• ስለ ኔትወርክ ጥራት ወይም ስለ ማማ ጥያቄ ያለው ሰው በቅድሚያ አገልግሎቱን ለሚሰጠው ድርጅት ያመለክታል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 መደወል ይችላሉ። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኞችም በድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት በኩል ይጠይቃሉ።
• አመልካቹ ያቀረበበትን ቀን፣ የጉዳዩን ፍሬ ነገርና የተሰጠውን ምላሽ በጽሑፍ ይይዛል።
• በምላሹ ካልረካ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤቱታውን ያቀርባል። የቴሌኮም አገልግሎትን የመቆጣጠር፣ የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የማስተዳደርና የተጠቃሚዎችን መብት የማስጠበቅ ኃላፊነት የዚህ ባለሥልጣን ነው።
• ስለ ጀነሬተር ጭስ፣ ስለ ድምፅና ስለ ቦታው ደኅንነት የሚነሣ ጥያቄ ለቀበሌው አስተዳደር፣ በከተማ ደግሞ ለማዘጋጃ ቤቱ ይቀርባል።
• የሕመም ስሜት ያለው ሰው ወደ ጤና ኬላ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። የሚሰማውን ሥጋት ለባለሙያው በግልጽ ቢናገር ምርመራው ይቀላል።
• ለድንገተኛ ሕመም የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ የወረዳው አምቡላንስ ቁጥርም ከወዲሁ ተመዝግቦ ሊያዝ ይገባል።

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ስልክና ስለ ማማ የሚሰራጩ አስፈሪ መልእክቶችን ለሌላ ከማስተላለፍ በፊት በአቅራቢያ የሚገኝ የጤና ባለሙያን መጠየቅ ከአላስፈላጊ ጭንቀት ይጠብቃል። ጥንቃቄ ማድረግ የሚፈልግ ዜጋ ስልኩን ከራሱ ያርቅ፣ ንግግሩን ያሳጥር፤ በሚያስፈልገው ሰዓት እርዳታ ከመጥራት ግን ሥጋት ሊያግደው አይገባም።